ለነፍሰ ጡር የማይጻፍ

ጊምቢቹ፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ልጄ ማራኪ፣

እንዴት ከርመሻል? ባለቤትሽ ሚክያስስ? ኔትወርክ ፍለጋ የምትወጪበትን ኮረብታ ሐኪም እንደከለከለሽ ሰምቼ ግማሽ ልቤ አዘነ፣ ግማሹ ደስ አለው። ያዘንኩት ድምፅሽ ስለሚናፍቀኝ ነው። ደስ ያለኝ ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመት ታሪክ አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ጽሑፌን የሚያነብ ተማሪ በማግኘቴ። የጤና ባለሙያ ለራሱ ሲሆን እሺ አይልም፤ አንቺ ግን እሺ በይ። አምና በሰባተኛው ወር ያየሽው ይበቃሻል። ተኚ ካሉሽ ተኚ።

ለጥያቄሽ መልሱ አዎ ነው። አባትሽ እውነትም ፈቅዷል። አስገድጄው አይደለም፤ ሁለት ዓመት ለምኜዋለሁ፣ መለመን ደግሞ ወንጀል አይደለም። የምንቆፍረው ከእንሰቱ በታች፣ ትክል ድንጋዮቹ ክብ ሠርተው የቆሙበትን ቦታ ነው። ማኅበር አቋቁመናል፣ ሰብሳቢው እኔ ነኝ፤ ሃያ ሦስት ሰው ነን። መምህራን አለን፣ ገበሬዎች አሉን፣ ልብስ ሰፊ አለን፣ ከፋርማሲው ኢክራም ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቋን ዘግታ ትመጣለች። ደመወዝ የለም፣ ሁሉም በፈቃዱ ነው። ከዩኒቨርሲቲ የተላከች ማኅሌት የምትባል ወጣት ባለሙያ ሦስት ሳምንት አብራን ሰንብታ ገመድ መወጠር፣ አፈር በወንፊት መንፋት፣ በቡሩሽ መጥረግ አስተማረችን። አካፋ መያዝ የተከለከለበት ቁፋሮ አይቼ አላውቅም ነበር። እስካሁን አመድ፣ የገል ስብርባሪና ባልጩት አውጥተናል። ስንት ዓመት ይሆነዋል ስላት፣ «ጋሼ፣ ላብራቶሪ ሳይነግረኝ አፌን አልከፍትም፤ ግን በሺህ የሚቆጠር ነው» አለችኝ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ያመጣሽው አንቺ ነሽ። ስምንተኛ ክፍል ሳለሽ ስለታም ጥቁር ባልጩት በደብተር ወረቀት ጠቅልለሽ አምጥተሽ፣ «ቲቸር፣ ይሄን ማን ሠራው?» ያልሽኝ ቀን ነው የተጀመረው።

አጎትሽ ማቲዎስ አልወደደውም። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነውና፣ «የጣዖት ቦታ ነው፣ ሙት አይቆፈርም» ይላል። እናትሽ እልፍነሽ ከወንድሟም ከባሏም ጋር አልሆነችም፤ «እንሰቴን ከነካችሁ ነው የምንጣላው» ብላናለች። አንድ እንሰት እንደማልነካ ቃል ሰጥቻታለሁ።

የአባትሽን ቃል እንደ ሁልጊዜው እሱ እንዳለው ጽፌዋለሁ። ለሴት «አንቺ» ነው የሚባለው ብዬ አርባ ዓመት ተከራክሬዋለሁ፤ «በእኛ ቋንቋ ልጅ ልጅ ነው» ይለኛል።

«ማራኪ፣ አንተ ደህና ነህ? እኔ ደህና ነኝ። ላም ወለደች፣ ሴት። አንተ ውኃ እንዳትሸከም፣ ሚክያስ ይሸከም። ቲቸር አፈር በማንኪያ ይቆፍራል፣ እንደ ገንፎ። አባትህ አበራ።»

አክባሪሽ ጥላዬ

—

ደቡብ ኦሞ፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቲቸር ጥላዬ፣ ሰላምዎ ይብዛ።

ደብዳቤዎን የክትባት መኪናው ሾፌር አመጣልኝ። «እንደ ገንፎ» የሚለው ላይ ስደርስ ስቄ ስቄ ሚክያስ ከውጭ ሮጦ ገባ፤ ምጥ መስሎት። ገና አምስት ወር ከምናምን ነኝ! ማታ ለሆዴ አነበብኩለት። እግሩን አነሳ፣ ወይም አነሳች።

ቢፒዬ ትንሽ ከፍ ብሏል፤ ለእማዬ አይንገሩብኝ። ሥራ ቀንሼ መዝገብ ላይ ብቻ ነው የምቀመጠው። አምና ስለሆነው አላስብም ብል ውሸት ነው። ሌሊት ካልተንቀሳቀሰ ተነስቼ ስኳር በውኃ እጠጣለሁ፣ ከዚያ ሲንቀሳቀስ እተኛለሁ።

ስለ ጤናዬ ከጠየቁኝ ያለው ይህ ነው። አሁን ተራው የእኔ ነው፤ ከአመዱ ሥር ምን አለ? ባልጩት ብቻ ነው እንዳይሉኝ፣ እርስዎ ለባልጩት ሁለት ዓመት አይለምኑም።

አንድ ነገር ግን አደራ። አባዬ ጉድጓድ ውስጥ እንዳይገባ። ስልሳ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ወገቡም ያመዋል። ከላይ ቆሞ ይቀልድ፣ ይበቃዋል።

ጥጃዋን ማን ብላችሁ ጠራችኋት?

ልጅዎ ማራኪ

—

ጊምቢቹ፣ የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ማራኪ፣

ደብዳቤሽ ሆሳዕና መናኸሪያ አራት ቀን ተኝቶ ነው የደረሰኝ፤ ስለዘገየሁ ይቅርታ። የጥጃዋ ስም ማንኪያ ነው። አባትሽ ነው ያወጣላት።

አደራሽን ግን አልጠበቅኩም። አባትሽን ከጉድጓዱ ማስቀረት አልቻልኩም። መጀመሪያ ከላይ ቆሞ ነበር የሚያየን፤ ከሳምንት በኋላ ገመድ ያዘ፤ አሁን ግን ከሁላችንም ቀድሞ የሚገባው እሱ ነው። እጁ ደግሞ ከማናችንም ይበልጥ ለስላሳ ሆኖ ተገኘ። ስድሳ ዓመት አፈር የነካ እጅ ነው፤ የተነካና ያልተነካ አፈር ይለያል። «ይህ ተቆፍሮ የተመለሰ ነው» ባለበት ስንወርድ መቃብር አገኘን።

አዎ፣ መቃብር ነው። በጎን የተኛ፣ ጉልበቱን ወደ ደረቱ የሰበሰበ ሰው። አንገቱ አካባቢ የድንጋይ ዶቃ አለ። ከዚያ በላይ ልጽፍልሽ ብዕሬን ሳነሳ፣ አጠገቤ የተቀመጠው አባትሽ እጄን ያዘኝ። «ይበቃል» አለኝ። እኔም አበቃሁ።

ማኅሌት ሥራዋ ላይ ተመልሳለች፤ ከፋሲካ በኋላ ትመጣለች። የበልግ ዝናብ ሳይጀምር ሸፍናችሁ አቁሙ ብላናለች። ሰማዩ ግን ገና ጥርት ያለ ነው።

ጠዋት ጠዋት አባትሽ ወደ ጉድጓዱ ሲወርድ በሀዲይኛ ሰላም ይላል። ማንን ነው ሰላም የምትለው ስለው፣ «ቤቱ የገባሁበትን ሰው» አለኝ።

«ማራኪ፣ አንተ ስድስት ወር ሆንህ ትላለች እናትህ። ጉድጓድ ገባሁ፣ ቲቸርን አትቆጣው፣ እኔ ነኝ እንቢ ያልኩ። እዚያ የተኛ ሰው ዘመድ የለውም። አንተ ግን ዘመድ አለህ። ብላ፣ ተኛ። አባትህ አበራ።»

ጥላዬ

—

ደቡብ ኦሞ፣ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቲቸር፣

ምን ሊጽፉልኝ ሲሉ ነው እጅዎን የያዘው? እርስዎ ሲደብቁ ዓረፍተ ነገርዎ ያጥራል። ክፍል ውስጥ ስለማይወዱት ንጉሥ ሲያስተምሩም እንደዚያው ነበሩ። መቃብሩ ውስጥ ሌላ ነገር አለ። ልጅ ነው? ከሆነ አይፍሩ። ሰው ሲወለድም ሲሞትም በእጄ የማይ ሰው ነኝ።

ዛሬ ለአባዬ ልመና አለኝ። አምና ስም አስቀድሜ አውጥቼ ነበር፣ ለማንም አልተናገርኩም፣ ከእኔው ጋር ቀረ። ዘንድሮ ስም እንዲያወጣ የምፈልገው አባዬ ነው። ለሴትም ለወንድም አንድ አንድ ይላክልኝ። እንዳይረሳ።

እዚህ ትናንት ዘነበ። እዚያስ?

ማራኪ

—

ጊምቢቹ፣ መጋቢት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደድሽው ልጃችን ለማራኪ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታችን ባለሽበት ይድረስሽ። ለባለቤትሽም ለሚክያስ እንዲሁ። እኛ ሁላችንም በጣም ደህና ነን። የላክሽው ደብዳቤ በጊዜው ደርሶን ነበር፤ መልሱ ስለዘገየ ይቅርታሽን እንለምናለን። ሥራ በዝቶብን ነው።

ዝናብ ጥሏል። ቁፋሮው ቆሟል። መቃብሩ ውስጥ ሌላ ነገር የለም።

እናትሽ ትንሽ ጉንፋን ይዟት ድምጿ ዘግቷል እንጂ ደህና ናት። አጎትሽ ማቲዎስ በየቀኑ ቤታችሁ እየመጣ ይጠይቃታል። ስለ ስሙ፣ አባትሽ ልጁን በዓይኔ ሳላይ ስም አላወጣም ብሏል።

«ልጄ ማራኪ፣ እንደምን አለሽ? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ስለ እኔ ምንም አታስቢ። ራስሽን ጠብቂ። እግዚአብሔር በሰላም ይገላግልሽ። አባትሽ አበራ።»

ጥላዬ

—

ደቡብ ኦሞ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቲቸር ጥላዬ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ብዙ ጊዜ አነበብኩት።

እኔ ደህና ነኝ። ቢፒዬን ጠዋትና ማታ እለካለሁ። እበላለሁ። እተኛለሁ። ሚክያስ እየዞረ ያየኛል፤ ስዞር ደግሞ ሌላ ነገር የሚያይ ይመስላል። እሱም ደብዳቤ እንደደረሰው አውቃለሁ፤ ሾፌሩ ሁለት ፖስታ ይዞ ሲገባ በመስኮት አይቻለሁ። አልጠየቅኩትም።

ሦስት ጥያቄ ብቻ አለኝ። ዝናቡ ከመጣ በኋላ ነው ያቆማችሁት ወይስ ከመምጣቱ በፊት? እማዬ አጠገብ ማን ያድራል? ላሟን ማን ያልባታል?

መልስ ባይጽፉልኝም አልቀየምም።

ለእማዬ ብዙ ብዙ ሰላም ይበሉልኝ።

ማራኪ

—

ጊምቢቹ፣ ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ልጄ፣

ይህን ደብዳቤ ማንም ሳያየው ነው የምልከው።

እናትሽ አጠገብ እህቷ አስካለች ከዶዮገና መጥታ እያደረች ነው። ላሟን የምታልባትም እሷ ናት። ሁለቱን ጥያቄዎችሽን መለስኩ። የመጀመሪያውን አሁን አልመልስም፤ አልመልስም ማለት መልስ የለኝም ማለት አይደለም።

የማኅበሩን ማኅተም አስረክቤያለሁ። ሰብሳቢ አይደለሁም። ገመዶቹንና ወንፊቶቹን ትምህርት ቤቱ መጋዘን አስገብተናል። ከቤት ብዙም አልወጣም። የጊምቢቹ ሰው ክፉ አይደለም፣ ሰላም ይለኛል፤ ሰላም ብሎኝ ካለፈ በኋላ ግን ቆሞ ከኋላ ሲያየኝ ይታወቀኛል።

ባለፈው ደብዳቤሽ ሰላም ያልሽው ለእናትሽ ብቻ መሆኑን አስተውያለሁ። አስበሽ ይሁን ረስተሽ አላውቅም፣ አልጠይቅሽምም።

በዚህ ደብዳቤ የአባትሽ ቃል የለም። ምክንያቱን አትጠይቂኝ። ሐሰት የሆነ ምክንያት ጽፌ ነበር፤ ቀደድኩት።

በሰላም ተገላገይ እንጂ ሌላ ምኞት የለኝም።

ጥላዬ

—

ደቡብ ኦሞ፣ ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቲቸር ጥላዬ፣

ሰኔ 3 ቀን ሴት ልጅ ወልጃለሁ። ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ። ጮኻ ነው የተወለደችው። ስሟን ትርፊት አልኳት። ስም የሚያወጣላት ሰው ስላልነበረ እኔው አወጣሁላት።

አሁን ነፍሰ ጡር አይደለሁም። እንግዲህ እውነቱን መጻፍ ይችላሉ።

አባዬ እንደሞተ ያወቅኩት የመጋቢቱን ደብዳቤዎን እንዳነበብኩ ነው። አባዬ አንድም ቀን «አንቺ» ብሎኝ አያውቅም። ከተወለድኩ ጀምሮ «አንተ» ነኝ። እርስዎ አርባ ዓመት ያላረሙትን ሰው በአንድ ወር ማን አረመው? «እንደምን አለሽ» የሚለው ላይ ስደርስ ወረቀቱን አጥፌ መዝገቡ ሥር አስገባሁት፣ ወጥቼም ስድስት እናቶችን መዘገብኩ። ማታ ሚክያስ «አባትሽ ምን አሉ?» ሲለኝ፣ «ደህና ነኝ አለ» አልኩት። ፊቱን አዞረ። ሁለታችንም እናውቅ ነበር፤ ሁለታችንም አንዳችን ለሌላው ስንዋሽ ሁለት ወር ቆየን።

ለምን ዝም አልሽ ይሉኛል። ፈራሁ። አምና ያጣኋትን ያጣሁት ምንም ሳላዝን ነው። ዘንድሮ ካለቀስኩ እንደማጣት ሆኖ ተሰማኝ። እንባው ሲመጣ ቢፒ መለኪያውን አመጣ ነበር። አባቴን በቁጥር ነው ያለቀስኩት፣ መቶ ሠላሳ በዘጠና፣ መቶ አርባ በዘጠና። ሰው እንዲህ ያለቅሳል?

ልጅቷ በወጣች በሦስተኛው ቀን ጮህኩ። ጎረቤት ተሰበሰበ። ለእነሱ ሁሉ ገና መሞቱ ነበር።

አጎቴ ማቲዎስ እንዳዘዘዎት እገምታለሁ። ለነፍሰ ጡር መርዶ አይነገርም፣ አውቃለሁ። እኔም ብሆን ለአንዲት ነፍሰ ጡር አልናገርም ይሆናል። ግን በእሱ አፍ ጻፉብኝ፣ ቲቸር። መሞቱን መደበቅ አንድ ነገር ነው። እሱ ከሞተ በኋላ እሱን አስመስሎ ማናገር ሌላ ነው። ይህ ነው የማይወጣልኝ።

አሁን እንዴት እንደሞተ ይጻፉልኝ። ሁሉንም። ዓረፍተ ነገር አያሳጥሩብኝ።

ማራኪ

—

ጊምቢቹ፣ ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ማራኪ ልጄ፣

እንኳን ማርያም ማረችሽ ልል ብዬ የእናንተ ቤት እንዲህ እንደማይባል ትዝ አለኝ። እንኳን እግዚአብሔር በሰላም አገላገለሽ። ለትርፊት ዕድሜ ይስጣት።

እሺ። እጽፋለሁ።

ማኅሌት ሁለት ነገር አስጠንቅቃን ነበር። አንደኛ፣ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ከወረድን ግድግዳውን እንደ ደረጃ እየከረከምን እንድናሰፋው። ሁለተኛ፣ መጋቢት 10 ቀን ሸፍነን እንድናቆም። ሁለቱንም የሻርኩት እኔ ነኝ። ጉድጓዱን ብናሰፋው አራት እንሰት ይነቀል ነበር፣ እኔ ደግሞ አንድ እንሰት አልነካም ብዬ ለእናትሽ ቃል ሰጥቻለሁ። ቀጥ አድርገን ወረድን። ሁለት ሜትር ከሩብ። ቀኑንም አሳለፍኩት፣ ዘጠኝ ቀን። ያደረግኩት ለሳይንስ ነው ብል ደስ ባለኝ። እውነቱ ማኅሌት ስትመለስ ሥራው ተጠናቆ አይታ፣ «ጋሼ፣ ይህን እናንተ ናችሁ የሠራችሁት?» እንድትለኝ ነበር የፈለግኩት። በዚህ ዕድሜዬ የሃያ ስምንት ዓመት ልጅ እንድታመሰግነኝ።

አባትሽ እጄን ይዞ ያስቆመኝ ስለዚህ ነበር፦ የተኛችው ሴት ናት። ክንዷ ሥር ደግሞ ሕፃን አለ። የተወለደ ይሁን ያልተወለደ ማኅሌት ብቻ ናት የምታውቀው። የጭንቅላቱ አጥንት ብርቱካን ያህላል። አባትሽ ባየው ጊዜ ቡሩሹን አስቀመጠ። «ይህን ለማራኪ አትጻፍ» አለኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ያንን ጥግ ሌላ ሰው አስነክቶ አያውቅም።

ዓርብ መጋቢት 19 ነበር፣ ወደ ዘጠኝ ሰዓት። ሁለት ቀን ሲያካፋ ሰንብቶ ዓርብ ፀሐይ ወጥታ ነበርና ገባን። ድንገት በረዶ የቀላቀለ ዝናብ መጣ። ሁሉም ወደ ትምህርት ቤቱ ቆርቆሮ ሮጠ። አባትሽ መቃብሩን የምንሸፍንበትን ላስቲክ አንስቶ ጠርዙ ላይ ቆመ። ወደ ታች አየ፤ ውኃው ወደ እነሱ እየወረደ ነበር። «በውኃ ውስጥ አይተኙም» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ጠየቀኝ፦

«ቲቸር፣ ግድግዳው ይይዛል?»

«ይይዛል» አልኩት።

አላየሁትም እኮ። ግድግዳውን አላየሁትም። ዝናቡ ዓይኔ ውስጥ እየገባ ነው «ይይዛል» ያልኩት። ሰብሳቢ ስለሆንኩ፣ ሲጠየቅ የሚያውቅ ሰው ስለሆንኩ። አባትሽ አምኖኝ ወረደ። እኔ ከላይ ላስቲኩን በአንድ ጫፍ ይዤለት ነበር። ዘርግቶ ሦስቱን ማዕዘን በድንጋይ ጫነ። ለአራተኛው ሲያጎነብስ በእንሰቱ በኩል ያለው ግድግዳ መጣ። ድምፁ ትልቅ አልነበረም። ላስቲኩ ከእጄ ላይ ተነጠቀ።

በእጃችን ቆፈርን። እናትሽ መቆፈሪያ ይዛ መጣች፣ ከሁላችንም በላይ የቆፈረችው እሷ ናት። ስናወጣው ትንፋሽ አልነበረውም። ከሥሩ ላስቲኩ አልተቀደደም ነበር።

ማታውኑ አጎትሽ ሰበሰበን። «ለማራኪ የነገረ ሁለተኛ ሕይወት ያጠፋል» አለ። ለሚክያስ እሱ ጻፈ። ለአንቺ እኔ እንድጽፍ ተወሰነ፣ የአባትሽ ቃል ከሌለበት ስለምትጠረጥሪ ያም እንዲጨመር። እንቢ ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ስጽፈው «አንተ» ማለት እንዳለብኝ እንኳ አልታወሰኝም። ሙታን የሚናገሩበትን ቋንቋ ከየት አውቃለሁ?

ለቀበሌውም ለፖሊስም ይህንኑ ሳልቀንስ ተናግሬያለሁ። አደጋ ነው ብለው መዝገቡን ዘጉ። እናትሽ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ቃል አናግራኝ አታውቅም። በየእሑዱ ከበሩ ውጭ ግንዱ ላይ ተቀምጬ እመለሳለሁ።

ሴቲቱና ሕፃኑ እዚያው ናቸው፣ ላስቲኩ ሥር። ማኅሌት በሥርዓት አውጥታ ወደ ሙዚየም ልትወስዳቸው ትፈልጋለች። አጎትሽ በትራክተር ተደፍኖ እንዲረሳ ይፈልጋል። ሁለቱም እናትሽን ጠየቁ። «ማራኪ ትወስን፤ ነገሩን ያመጣችው እሷ ናት» ብላለች።

ይቅር በይኝ ብዬ አልጽፍም። ጠየቅሽኝ፣ ነገርኩሽ።

ጥላዬ

—

ደቡብ ኦሞ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቲቸር ጥላዬ፣

አራት እንሰት! እማዬ ቁጣዋ የአንድ ቀን ነው፤ በማግስቱ ራሷ ነቅላ ትሰጣችሁ ነበር። አንድ ጊዜ መልሰው ቢጠይቋት ምን ነበረበት? ሦስት ቀን ይህን ብቻ ነው ሳስብ የነበረው። ልጅቷን ሳጠባ፣ አራት እንሰት። ክትባት ስመዘግብ፣ አራት እንሰት።

ይቅር ብያለሁ ብዬ አልዋሽም። ጠልቻለሁ ብልም ውሸት ነው። ምን እንደሆነ ስም የለውም። ሚክያስ «ሽማግሌው በሐዘን ይሞታሉ፣ አንድ ጥሩ ቃል ጻፊላቸው» አለኝ። ጥሩ ቃል ፈልጌ ያገኘሁት ይህን ነው፦ በመጨረሻው ደብዳቤዎ ምንም አልቀነሱም። አምኛለሁ።

እማዬ እውነቷን ነው። ባልጩቱን ለእርስዎ ያመጣሁት እኔ ነኝ። እርስዎ ሁለት ዓመት ሲለምኑት እኔ በስልክ «አባዬ ፍቀድላቸው፣ ምን ይጎዳሃል?» ብዬዋለሁ። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልነገርኩም። ስለዚህ ሲቀመጡ ግንዱ ላይ ለእኔም ቦታ ይተዉ።

ስለ ሴቲቱና ስለ ሕፃኑ ብዙ አሰብኩ። ማኅሌት የምትለው ትክክል ነው፤ ብንማርባቸው ይጠቅማል። ሌላ ቦታ፣ ሌላ መቃብር ቢሆን ውሰጂ እላት ነበር። አባዬ ግን ሊያወጣቸው አልገባም። ሊያለብሳቸው ነው የገባው። ማኅሌት ትለካ፣ ፎቶ ታንሳ፣ የምትጽፈውን ትጻፍ፤ ከዚያ አልብሱና ዝጉት። ትራክተርም አይግባ። በሰው እጅ ይሁን። ግድግዳውን አስቀድማችሁ አስፉት፣ እንሰቱ ይነቀል።

እኔ ለመስቀል ትርፊትን ይዤ እመጣለሁ። ከዚያ በፊት ይለቅ። የተከፈተ ጉድጓድ ማየት አልችልም።

እርስዎም ይገኙበት። አልቀርም ይበሉ፣ አጎቴ ቢከለክልዎትም።

ማራኪ

—

ጊምቢቹ፣ መስከረም 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ማራኪ፣

ተፈጽሟል። ትናንት ነበር።

ማኅሌት ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር መጥታ ሦስት ቀን ስትለካና ስትስል ሰነበተች። ሲቆጫት አይቻለሁ፤ እናትሽ ፊት ግን አንድም ቀን አልተከራከረችም። ሃያ ሦስታችን አሥራ ስምንት ሆነን ተገኘን። አራቱ እንሰቶች ተነቀሉ፣ ግድግዳው በሦስት ደረጃ ተከረከመ። አጎትሽ ማቲዎስ አልመጣም፤ ልጆቹን ግን ላከ፣ መቆፈሪያ አስይዞ።

እናትሽ ከገበያ አዲስ አቡጀዲ ገዝታ መጣች። ለማንም አልሰጠችም። ጠርዙ ላይ ቆማ ሁሉንም አየች፣ ከዚያ ለእኔ ዘረጋችልኝ። ፊቴን ሳታይ። ተቀበልኳትና ወረድኩ። ላስቲኩን አንስቼ አለበስኳቸው፣ እሷንም ትንሹንም። ምን ማለት እንዳለብኝ አላወቅኩም፤ ሰላም አልኳቸው፣ በሀዲይኛ፣ አባትሽ ይለው በነበረው ቃል። ጨርቁን አስተካክዬ ከጨረስኩ በኋላ እዚያው ተንበርክኬ ቀረሁ። ከላይ ሰዎች አካፋ ይዘው ይጠብቃሉ። መቆየት ፈልጌ ነበር፣ ማራኪ። አልዋሽሽም። አፈሩን መልሱብኝ ልላቸው ምንም አልቀረኝም።

ከዚያ የእናትሽን ድምፅ ሰማሁ። ከስድስት ወር በኋላ።

«ውጣ፣ አንተ ሰውዬ» አለች። «አንድ ይበቃል።»

ወጣሁ።

ጥላዬ